የስድስት ሰዓት ተኩሉ መንገድ፦ በጅማ የአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ጉዳይ

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል የኛ መንገድ ሌላ መንገድ ይሆናል። የጠዋት ፈረቃ ይወጣል፣ የከሰዓት ፈረቃ ይገባል። ሁለቱም በአንድ በር ነው። የሚወጣው ርቦታል፣ የሚገባው ረፍዶበታል፤ ሁሉም ይሮጣል። እግረኛ መንገድ የሚባል የለም። አስፋልቱና ክፍት የውሃ መውረጃ ቦይ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ ከቦዩ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይሄዳሉ፣ የተረፈው አስፋልቱን ይይዛል። በዚያው ሰዓት የባጃጅ ሹፌሩም ለምሳ የሚጣደፍ ሰው ጭኖ ይወርዳል።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ልጄ እዚያ ስለሚማር ነው። ደግሞም አንድ ዓመት ያህል ስንሳሳት፣ ስናርም፣ እንደገና ስንሳሳት ቆይተናል። ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ከኛ ስህተት ቢጀምር ጊዜ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ሰፈራችን ከአዌቱ ወንዝ ብዙ አይርቅም። መንገዱ ከላይ ካለው መገናኛ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ርዝመቱ 400 ሜትር ቢሆን ነው። ትምህርት ቤቱ መሃል ላይ፣ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ድሮ ድንጋይና ጭቃ ነበር። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገና ክረምት ሳይገባ ይጀምራል፣ ክረምቱ ወጥቶም ቶሎ አይተውም። በዚያ ጭቃ ላይ ማንም አይፈጥንም ነበር። ጉድጓዱ ራሱ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያገለግል ነበር። አስፋልት ሲነጠፍልን ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሴቶቹ መንገድ ላይ ቡና አፈሉ፣ ልጆች ኳስ ይዘው ወጡ። ከጭቃ ጋር ፍጥነት መቀነሻችንም አብሮ እንደሄደ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዋናው መንገድ ለሥራ ተዘጋ። ባጃጆቹ፣ ሞተሮቹና አንዳንድ አይሱዙዎች በኛ በኩል ማቋረጥ ጀመሩ። ዋናው መንገድ ተመልሶ ሲከፈት እነሱ አልተመለሱም። አቋራጩን ለምደውታል።

አደጋው የደረሰው በጥቅምት ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናት። ከመጋዘን ፊት ለፊት አይሱዙ ቆሞ ጆንያ ይጫናል። ልጅቷ ከአይሱዙው አፍንጫ ስር ብቅ አለች፣ ባጃጅ ከላይ ይወርድ ነበር። እግሯ ተሰበረ። ሕይወቷ ተርፏል፣ ዛሬ ድና ትሮጣለች። ያን ቀን ግን ከመንገዱ ላይ ሲያነሷት ያየሁትን ፊቷን አልረሳውም።

ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው። አልጠጣም፣ ጫት ላይም አልነበረም። ራሱ አንስቶ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። ሰው ሊደበድበው ሲል «አላየኋትም፣ በእናቴ አላየኋትም» እያለ ያለቅስ ነበር። ብዙዎቹ ሰበብ መሰላቸው። እኔ ቆይቼ ሳስበው እውነቱን ነበር። አላያትም። ሊያያትም አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ይፈቀድልኝ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። እሳቸው ናቸው ቁጭ አድርገው ያስረዱን። በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ተሽከርካሪ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ ብቻ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ ለመቆም ሌላ 5 ሜትር ይፈልጋል። በጠቅላላው 13 ሜትር። በ50 ሲሄድ ግን ፍሬኑን ሳይነካ በፊት 14 ሜትር አልፏል፤ ለመቆም ሌላ 14 ይጨምራል። 28 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ይህ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጥሩ ሲሆን ነው። በጅማ ዝናብና በአሮጌ ባጃጅ ፍሬን ደግሞ አስቡት። ልጅቷ ከአይሱዙው ስር ስትወጣ በመካከላቸው የነበረው ርቀት አሥራ አምስት ሜትር ቢሆን ነው። በ30 ቢመጣ ኖሮ ደንግጦ አጠገቧ ይቆም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። በ30 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በታች በመኪና ከተመታ እግረኛ ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋል። ፍጥነቱ 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የመትረፍ ዕድሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን ከሁሉም በላይ የሚገድለውም የመንገድ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ አገሮች ሰውና ተሽከርካሪ በሚቀላቀልበት መንገድ ላይ ከ30 በላይ አይፈቀድ ያሉት በከንቱ አይደለም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ካልተቀላቀለ ምን ሊቀላቀል ነው?

እኛ ግን ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አላሰብንም። በተናደድንበት ነው የተነሳነው።

አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ማታ የሰፈሩ ወጣቶች ድንጋይና ቀይ አፈር ተሸክመው መጡ። ሲነጋ መንገዱ ላይ ጉብታ ተጋድሟል። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እኔም አካፋ ይዣለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉም ዝግ አለ።

ከዚያ ችግሩ አንድ በአንድ ይታይ ጀመር። ጉብታው ከቦይ እስከ ቦይ አልደረሰም፤ ውሃ እንዲያልፍ ብለን ግራና ቀኝ ክፍት ትተናል። ባጃጅ ስፋቱ 1.3 ሜትር ነው። የተውነው ክፍተት ለባጃጅ ልክ ሆነ። ሹፌሮቹ ጉብታውን ትተው በጠርዙ ማለፍ ጀመሩ። ጠርዙ ደግሞ ልጆቹ የሚሄዱበት ነው። ልጆቹን ለማዳን የሠራነው ነገር ባጃጁን ወደ ልጆቹ ገፋው። ይህን አንድ ቀን ጠዋት ቆሜ ሳየው ሆዴ ባር ባር አለ።

ቁመቱም ከልክ አለፈ። በንዴት የተሠራ ጉብታ መለኪያ የለውም። ከታች ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ሲያመጧት እዚያ ላይ ያሰማችውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ማታ መብራት ጠፍቶ አንድ ባለሞተር ወደቀ። የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ተቆጥቶ «ያለ ፈቃድ ባጋደማችሁት ላይ ሰው ቢሞት ማን ነው የሚጠየቀው?» አለን። መልስ አልነበረንም። በመጨረሻ ዝናቡ መጣና አፈሩን አጥቦ ድንጋዩን አስቀረ። ከጉብታው በላይ ውሃ ተኛ። ልጆቹ ኩሬውን ለመሸሽ መሃል አስፋልት ላይ ወጡ።

ከሁሉም የባሰው ግን ቦታው ነበር። ጉብታውን ያደረግነው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። በሩ እዚያ ነዋ! ልጆቹ ግን እዚያ አይሻገሩም። ጋሼ አንድ ሳምንት ሙሉ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አዩ። እያንዳንዱ ልጅ በተሻገረበት ቦታ ወረቀት ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። አብዛኛው ነጥብ የተከማቸው ከበሩ ስልሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ፣ ከሱቁ ፊት ነው። እዚያ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ከረሜላና ማስቲካ ይሸጣል። ልጅ የሚሻገረው ልቡ ወደ ሄደበት ነው። አይሱዙው የሚቆመውም በዚያው አካባቢ ነው። ያቺ ልጅ የተመታችውም እዚያ ነበር። ወረቀቱን አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ካየኋቸው ጥናቶች ሁሉ ለኔ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርነው በመለካት ነው። የራዳር መሣሪያ የለንም። ጋሼ 50 ሜትር ገመድ በአናጢ ሜትር ለኩ። በጠመኔ ሁለት መስመር አሠመርን። አንድ ሰው ላይኛው መስመር ላይ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ታችኛው ላይ ሆኖ በስልኩ ሰዓት ይይዛል። 50 ሜትርን በ6 ሰከንድ ያለፈ በ30 ይሄዳል። በ4 ሰከንድ ተኩል ካለፈ 40 ነው። በ3.6 ሰከንድ ከሆነ 50 ደርሷል። ይህን ማንም ሰፈር ውስጥ ማድረግ ይችላል፣ ሳንቲም አይጠይቅም። ብቻ ሰዓት ያዡ እንዳይታይ ይሁን፤ ሹፌር ሰው ቆሞ ሲለካ ካየ ይቀንሳል። እኛም የመጀመሪያውን ቀን ልኬት የጣልነው ለዚህ ነው።

ያየነው ነገር ግምታችንን ቀየረው። ጠዋት ብዙም አይፈጥኑም፤ ሰው ስለሚበዛ መንገዱ ራሱ ይይዛቸዋል። የሚፈጥኑት ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው፣ ልክ በሩ ከመከፈቱ በፊት፣ መንገዱ ባዶ መስሎ ሲታይ። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ልጆቹ ሲፈስሱ ባጃጁ በያዘው ፍጥነት ይደርስባቸዋል። ደግሞ አስቀድሞ ተተክሎ የነበረው የፍጥነት ታፔላ ምንም አልለወጠም። ትራፊክ ፖሊሱ የቆመ ሰሞን ሁሉም መልአክ ነበር። በሄደ ማግስት ወደነበረበት ተመለሰ።

እዚህ ላይ የኔን አቋም በግልጽ ልናገር። ሰው የሚነዳው መንገዱ እንደነገረው ነው። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁል የሆነ ለስላሳ አስፋልት «ንዳ» ይላል። አጠገቡ የቆመ ታፔላ «ቀስ በል» ቢል ሰሚ የለውም። ያን ሹፌር ልጅ አስሮ መንገዱን እንዳለ መተው ሌላ ልጅ ሌላ ባጃጅ ላይ እስኪቀመጥ መጠበቅ ነው።

ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራ የባጃጅ ማህበሩን ተወካይም ጋበዝነው። አንዳንዶች አልወደዱትም፣ «ገዳዮቻችንን ነው የምንጋብዘው?» ያሉም ነበሩ። መምጣቱ ግን ጠቀመን። ተወካዩ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «እኛ ለባለ ንብረት በየቀኑ ገቢ እናስገባለን። ባይሞላ ከኪሳችን ነው። ቀስ በሉ ስትሉን ልጆቻችን ምን ይብሉ ማለታችሁ ነው።» ስብሰባው ጸጥ አለ። ውሸት አልነበረበትም።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ። «ልጄ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው» አሉት። «ይህ መንገድ 400 ሜትር ነው። በ50 ብትሄድ 29 ሰከንድ ይፈጅብሃል። በ30 ብትሄድ 48። ልዩነቱ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። የምንለምንህ ሃያ ሰከንድ ነው።» ልጁ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ «እሱስ እውነት ነው ጋሼ» አለ። ከዚያ በኋላ ከኛ ጋር ነበር። የት ላይ እንደሚሾልኩ፣ ምን ቢደረግ እንደማይሾልኩ የነገረን እሱ ነው። የሚሾልክ ሰው ቀዳዳውን ያውቃል።

ንድፉን የሠራልን ሲቪል ምህንድስና የሚያጠና የጎረቤት ልጅ ነው። ለከተማው የሚመለከተው ክፍል አስገባን፤ ጊዜ ፈጀ፣ ተመላለስን፣ ጸደቀ። እዚያ ላይ ብዙ አልቆይም። ንድፉ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።

አናታቸው ክብ የሆነ ሁለት ጉብታና በመካከላቸው አንድ ከፍ ያለ መሻገሪያ ነው የሠራነው። ክብ ጉብታው ከመጀመሪያው ተራራችን ጋር አይገናኝም። በመንዳት አቅጣጫ 3.7 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር አይበልጥም። ይህ ልክ በእንግሊዝ አገር የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተፈትኖ የወጣ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አጭርና ሹል ጉብታ ጎማውን ይመታል፣ ቀስ ብሎ የሚሄደውንም ያሰቃያል። ረጅምና ዝቅ ያለው ግን በ25 እና በ30 የሚሄደውን እንደ ማዕበል አንስቶ ያስቀምጠዋል። በ50 የመጣውን ነው የሚያስደነግጠው። ምጥ የያዛትን ሴት አያሰቃይም፣ የሚፈጥነውን ይቀጣል።

ቁጥሩና ርቀቱም ትርጉም አለው። አንድ ጉብታ ብቻ ከሆነ ሹፌሩ አልፎት ንዴቱን በነዳጅ ይወጣል። ስለዚህ በየ80 ሜትር ገደማ አደረግናቸው፣ ለመፍጠን ፋታ እንዳያገኝ። የመጀመሪያው ከላይኛው መገናኛ ብዙም አይርቅም፤ ባጃጁ ገና ፍጥነት ሳያነሳ ያገኘዋል። ቁልቁለት ከተጀመረ በኋላ መያዝ ከባድ ነው።

መሻገሪያው ከሱቁ ፊት ሆነ፣ የጋሼ ነጥቦች በተከማቹበት። ኮብልስቶን ነው፣ ከአስፋልቱ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል፣ አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ልጁ ሲሻገር ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ይታያል። ሹፌሩም ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ድምፁ ይቀየርበታል፤ ከአስፋልት ወደ ድንጋይ ሲወጣ ጎማው ይንኳኳል።

ቀዳዳው ደግሞ ተዘጋ። ከጉብታዎቹ ጫፍ ስር ለውሃው ቱቦ ቀበርን። ስለዚህ ጉብታው ከቦይ እስከ ቦይ ሙሉ ሆነ፣ ውሃውም መንገዱን አገኘ። ከጠርዙ ላይ በ90 ሳንቲሜትር ርቀት የድንጋይ ምሶሶ ተከልን። ሰው ያልፋል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። ይህን ያለን የማህበሩ ተወካይ ነው።

ድንጋዩን ከተማው ሰጠ፣ የሰው ኃይሉን ዕድራችን አስተባበረ። ሥራው የተሠራው በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ላይ፣ ዝናብ በሌለበት ሰሞን ነው። ሴቶቹ ምሳ አመላለሱ። ያ ባጃጅ ሹፌር ልጅ ሦስት ቀን ሥራውን ትቶ ድንጋይ ሲያቀብል ሰነበተ። ማንም አልጠየቀውም። የልጅቷ እናት ቡና ስትቀዳ ለእሱም ቀዳችለት። እኔ ዞር አልኩ፣ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ሁለት ነገር ተስማማን። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት ከሌሎቹ አሥር ደቂቃ ቀድመው እንዲወጡ፣ ሁለቱ ፈረቃዎች በር ላይ እንዳይጋጩ። ሌላው ተማሪ ትራፊኮች መሻገሪያው ላይ እንዲቆሙ። ይህ ሁለተኛው ጥሩ ነው፣ ግን ልመናዬ አለ። የአሥራ ሁለትና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅን «ቁም» የሚል ሰሌዳ አስይዞ በ50 የሚመጣ ባጃጅ ፊት ማቆም ነውር ነው። መጀመሪያ ጉብታው ይሠራ፣ ከዚያ ልጁ ይቁም። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆኗል።

ወላጆችንም ማስቸገር ነበረብን። በግል መኪናና በባጃጅ ልጅ የምናመጣ ሰዎች መሻገሪያው ላይ ቆመን ነው የምናወርደው። እኔም አደርገው ነበር። የቆመ መኪና ልክ እንደዚያ አይሱዙ ልጅን ይሸፍናል። አሁን ከመሻገሪያው በፊትና በኋላ አሥር አሥር ሜትር በቢጫ ቀለም ተከልክሏል። የመጋዘኑ ባለቤትም አይሱዙው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት እንዳይጫን ተስማምተዋል። የቡና ወቅት ሲደርስ ግን ስምምነቱ ይላላል፤ ሄደን እናስታውሳቸዋለን።

በመጋቢት ገመዱን እንደገና ዘረጋን፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። ከመሻገሪያው በፊት ባለው 50 ሜትር ላይ ከ6 ሰከንድ በታች የሚያልፍ ብርቅ ሆኗል። ሞተሮቹ ግን አሁንም ያስቸግራሉ። በሁለቱ ምሶሶዎች መካከል ይሾልካሉ፣ ለነሱ 90 ሳንቲሜትር በቂ ነው። ጋሼ ምሶሶውን ማቀራረብ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውን ተማሪ አስባለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።

ሌላም አልቀረም። ከኛ በታች ያለው መንገድ ሰዎች መጡ። «ባጃጆቹን ወደ እኛ ገፋችኋቸው» አሉን። ልክ ናቸው፤ የተወሰኑት እዚያ ሄደዋል። እነሱም ዘንድ ሙዓለ ሕፃናት አለ። ባለፈው እሁድ ጋሼ ገመዳቸውን ተሸክመው ወረዱ፣ እኔም ጠመኔውን ይዤ ተከተልኳቸው። ነጥብ የሚያደርግ ሰው ከዚያው ሰፈር አግኝተናል፤ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት፣ ቀኑን ሙሉ መንገዱ ላይ ስለምትቀመጥ። የኛ ጉብታዎች ቀለም ደግሞ በዝናቡ ደብዝዟል። ማታ ሳይታይ ሰው እንዳይጥል መስከረም ሳይገባ መቀባት አለበት። ለቀለሙ ዕድሩ እሺ ብሏል።